ሁለት መስመር አለኝ ብለው ተማምነዋል?

በብዙዎቻችን ግቢ ውስጥ ሮቶ አለ። ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ስለምናውቅ በመጣበት ቀን እንሞላዋለን። መብራት ቢጠፋ ብለን ቡታጋዝ ወይም የከሰል ምድጃ አስቀምጠናል፤ ሻማና ክብሪት የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ልጆቹም ያውቃሉ። የቤትዎ ኢንተርኔት ቢቋረጥስ? የእሱ ሮቶ የት ነው?

እኔ ይህን ጥያቄ ራሴን የጠየቅኩት ከረፈደ በኋላ ነው። ታናሽ እህቴ ውጭ አገር ለመማር ተወዳድራ የመጨረሻው ዙር ላይ ደረሰች። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ስለሆነ ከማታው ሁለት ሰዓት ቀጠሮ ተያዘላት። ተዘጋጅተናል ብለን ነበር። ቤት ውስጥ ዋይፋይ አለ፤ ዋይፋዩ እምቢ ካለ በስልኬ ሆትስፖት እከፍትላታለሁ። ቀጠሮው ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ። ራውተሩም አብሮ ጠፋ። ስልኬን ሳወጣ ደግሞ ኔትወርኩ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ጭራሽ ጠፋ። ለካ የቤቱ መስመርም የእኔ ሲም ካርድም የአንድ ድርጅት ናቸው። እማዬ ሻማ ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች ሰዓቱ አለፈ። ይቅርታ ጠይቀን ብንጽፍም ቀጠሮው አልተደገመም።

ያን ማታ አንድ ነገር ገባኝ። ሁለት በር ነበረን፤ ቁልፉ ግን አንድ ነው።

ብዛት ብቻውን አያድንም

ይህ ስህተት የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። ከአገር አገር የሚሻገረው ኢንተርኔት በአብዛኛው የሚጓዘው በሳተላይት ሳይሆን ባሕር ሥር በተዘረጉ የፋይበር ኬብሎች ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው ቶንጋ በባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ተመታች። ከዓለም ጋር የሚያገናኛት የባሕር ኬብል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተበጠሰ። ተጠግኖ እስኪመለስ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ብዙ ኬብል መዘርጋት መፍትሔ ነው? ግማሽ መፍትሔ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2024 ከኮትዲቯር የባሕር ዳርቻ ራቅ ብሎ አራት ኬብሎች በአንድ ቀን ተጎዱ። ከናይጄሪያ እስከ ጋና፣ ከዚያም አልፎ ባሉ አገሮች ባንኮች ሳይቀሩ ሥራቸው ተስተጓጎለ። መንስኤው የባሕር ወለል መንሸራተት ሳይሆን እንዳልቀረ ተገምቷል። ኬብሎቹ አራት ቢሆኑም የሚያልፉት በአንድ አካባቢ ስለነበር አንድ አደጋ ሁሉንም አገኛቸው። በዚያን ቀን ብዙ ሸክም የተሸከመው ጉዳት ያልደረሰበት ኢኳኖ የተባለው ሌላ ኬብል ነበር።

መጠባበቂያ ሲያዘጋጁ እንግዲህ ከስንት በላይ መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ የመጀመሪያውን የሚያጠፋው ነገር ሁለተኛውንም ያጠፋዋል?

ኔትወርክ ራሱን የሚያድነው እንዴት ነው?

በትልልቅ ኔትወርኮች ውስጥ መሣሪያዎች ዝም ብለው አይቀመጡም። በየጊዜው እርስ በርሳቸው «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይላላካሉ። መልእክቱ ለተወሰነ ጊዜ ከቀረ፣ ወዲያኛው ማዶ ያለው ችግር ገጥሞታል ተብሎ ትራፊኩ ወደ ሌላ መንገድ ይዞራል። ለዚህም ብዙ የፋይበር መስመሮች በክብ ይዘረጋሉ። ክቡ በአንድ በኩል ቢቆረጥ መረጃው በሌላኛው በኩል ዞሮ ይደርሳል። በሚገባ በተሠራ መስመር ይህ ሁሉ ከሰከንድ አንድ ሃያኛ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ስለሚያልቅ እርስዎ በስልክ እያወሩ ምንም ላይሰማዎት ይችላል።

የባሕር በር የሌላት አገራችንም ከዓለም የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል፣ በተለይም በጅቡቲና በኬንያ አቅጣጫ ነው። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላው ክፍት መሆኑ የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠጋኙም አብሮ እንዳይታመም

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተው እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። መነሻው በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ነበር። ጥገናውን ያከበደው ግን ባለሙያዎቹ የሚጠግኑባቸው መሣሪያዎች ራሳቸው በተቋረጠው ኔትወርክ ላይ መሆናቸው ነው። ከሩቅ መግባት ስላልቻሉ ሰው ወደ ማዕከላቱ በአካል መላክ ነበረበት።

ይህም በየቤቱ አለ። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል፣ የደንበኞች አገልግሎት ቁጥርና የውሉ ቁጥር የሚገኙት አንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ያ ስልክ የጠፋ ዕለት መፍትሔውም አብሮ ይጠፋል። በወረቀት ጽፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት።

በእርስዎ ቤት ከየት ይጀመር?

መንገዱን በጣትዎ ይከተሉት። ሶኬት፣ ራውተር፣ መስመር፣ ድርጅት። በእያንዳንዱ ላይ «ይህ ቢጠፋስ?» ብለው ይጠይቁ።

*መብራት።* ላፕቶፕና ስልክ ባትሪ አላቸው፤ ራውተር ግን የለውም። ኃይል የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ዩፒኤስ ለሰዓታት ሊያቆየው ይችላል። ሲገዙ ቮልቴጁ ከራውተርዎ ቻርጀር ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

*መስመር።* ሁለተኛው ሲም ካርድ የሌላ ድርጅት ይሁን። አዲስ አበባ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ይህ ምርጫ አለን። ሆኖም ድርጅቶችም ማማና መስመር የሚጋሩበት ጊዜ ስላለ፣ የማይቀር ቀጠሮ ካለዎት ሌላ ሰፈር ያለ የዘመድ ቤት ወይም ቢሮ በተጠንቀቅ ይኑርዎት። ጥቅሉንም አስቀድመው ይግዙ፤ ኢንተርኔት ከጠፋ በኋላ ጥቅል መግዛት ራሱ ፈተና ነው።

*ገንዘብ።* ክፍያችን ሁሉ በስልክ ሆኗል። ሌሊት ልጅ ታሞ ፋርማሲ ሄደው «ሲስተም የለም» ቢባሉስ? የመድኃኒትና የታክሲ የሚበቃ ጥሬ ብር ከቤት አይጥፋ።

*ፎቶና ሰነድ።* ባለሙያዎች የሚመክሩት ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ እንዲሆን ነው። የልጅዎ ክርስትና ወይም የሠርግዎ ፎቶ በስልክዎ፣ በሃርድ ዲስክ፣ እንዲሁም በክላውድ ወይም በእህትዎ ቤት ይኑር። ስልኩና ሃርድ ዲስኩ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከሆኑ ግን ሌባው ሁለቱንም ይወስዳቸዋል።

ያልተሞከረ መጠባበቂያ

ኔትፍሊክስ የራሱን ሰርቨሮች በሥራ ሰዓት፣ ሆን ብሎ፣ በዕጣ እያጠፋ ሥራው መቀጠሉን የሚፈትንበት ፕሮግራም ሠርቷል። ስሙም «ኬኦስ መንኪ» ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ብልሽቱ በመረጡት ሰዓት ቢመጣ ይሻላል።

እኛም ቤት ይህን ለምደናል። በወር አንድ ቅዳሜ እማዬ ሳትነግረን የራውተሩን ገመድ ትነቅላለች። መጀመሪያ ቀን ሁለተኛው ሲም ጥቅል እንደሌለው አወቅን። በሁለተኛው ወር ዩፒኤሱ ለካ ቻርጅ አልተደረገም። በሦስተኛው እህቴ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወደ መስመር ተመለሰች።

እህቴ በዓመቱ እንደገና ተወዳድራ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ሁለቱ ስልኮች፣ ዩፒኤሱና የተሞላው ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ጠበቁ። በዚያ ማታ መብራቱ ብልጭ እንኳን አላለም፤ አንዱም አላስፈለገም። ማናችንም በከንቱ ደከምን አላልንም። ሮቶው ሞልቶ ውኃ ባልጠፋበት ቀን ማን ይቆጫል?