በዳገት ላይ ትንሹን ማርሽ ስለ መምረጥ

«ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በብዙ ነገር ሲጠቀስ የኖረ ነው፤ ነገር ግን በቢስክሌት ተቀምጦ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ለሚጓዝ ወጣት ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ምክር ያለ አይመስለንም። ወላጆችም ለልጃቸው ቢስክሌት ከመግዛታቸው አስቀድሞ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ስላለ፥ በገዛ ቤታችን ከደረሰው ተነሥተን ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

ለልጃችን ቢስክሌት ለመግዛት ገበያ በወጣን ጊዜ ሁለት ቀረበልን፤ አንዱ ባለ ብዙ ማርሽ፥ ሁለተኛው ማርሽ የሌለው። ማርሽ የሌለው በዋጋ የረከሰ፥ በመልኩም ያማረ ስለ ሆነ እርሱን መረጥን። ልጁ፥ «አባባ፥ የአንኮበር መንገድ እኮ ዳገቱ ብዙ ነው» ቢለን፥ «ጕልበት ላለው ጐልማሳ ማርሽ ምን ያደርግለታል?» ብለን ዝም አሰኘነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን ክርክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ እናውቅ ነበር፤ በቤታችን ግን ይህን ረሳነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአንኮበር የሚኖሩት እናታችን መድኃኒታቸው ሊያልቅ መሆኑን በስልክ ነገሩን። ልጁም መድኃኒቱን ገዝቶ፥ በጀርባው ተሸክሞ በማለዳ ተነሣ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ራስዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፥ መንገዱ ወደ አንኮበር ከመውረዱ በፊት ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ደጋ ይሻገራል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገባው ሦስት አራተኛውን እንኳ አይሞላም።

ቀትር አለፈ፤ ልጁ ግን አልደረሰም። እናቱ በስልክ ብትጠራው መልስ አጣች። ከመሸ በኋላ እናታችን ደውለው፥ ቢስክሌቱን እየገፋ፥ እያነከሰ መድረሱን ነገሩን፤ መድኃኒቱም የሚወሰድበት ሰዓት አልፎ ነበር። በማግሥቱ ስንደርስ የልጁ ጕልበት አብጦ አገኘነው። እናታችንም ከአጠገቡ ተቀምጠው፥ «ልጄ፥ በቅሎ እንኳ ዳገት ስትወጣ ርምጃዋን ታሳጥራለች፤ አንተ ምነው እንዲህ በረጅሙ ትረግጣለህ?» ይሉት ነበር። ልጁ ዐይናችንን አይቶ ዝም አለ። ዝምታው ከክስ የከበደ ሆነብን።

ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰን ነገሩን ለአንድ ቢስክሌት ጠጋኝ ብናጫውተው፥ «ጋሼ፥ ልጁ አልሰነፈም፤ ጥርሱን ይቍጠሩና ይፍረዱ» አለን። በአንዱ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን ቈጠርን። ከፔዳሉ ጋር ያለው የፊቱ 44 ጥርስ፥ በኋላው ጎማ ላይ ያለው 18 ጥርስ ሆነ። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ ልጁ በአንድ ዙር ረገጣ ከ5 ሜትር በላይ ዳገት ሊወጣ ይታገል ነበር።

ጠጋኙ ያሳየን ሌላው ቢስክሌት ከፊት ሦስት፥ ከኋላ ሰባት ጥርሳም ቀለበት ነበረው። ከፊት ትንሹ 28 ጥርስ፥ ከኋላ ትልቁም 28 ጥርስ ነው። ሰንሰለቱ፥ ማለት ካቴናው፥ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ሲውል ፔዳሉ አንድ ጊዜ፥ ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል። 100 ሜትር ዳገት ለመውጣት በፊተኛው ቢስክሌት 20 ያህል ዙር፥ በዚህኛው ግን 48 ያህል ዙር መርገጥ ያስፈልጋል። እንግዲህ ድካሙ በዛ እንዳይባል፥ ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ኩንታል እህል ወደ ጐተራ የሚያስገባ ሰው በአንድ ጊዜ ቢሸከመው ወገቡ ይጐዳል፤ በቍና እየሰፈረ ቢያመላልሰው ግን እህሉ ያው ነው፥ ወገቡም ደኅና ነው። ትንሹ ማርሽ የዳገቱን ሸክም አያስቀርም፤ ጕልበት ሊችለው በሚገባ መጠን ይከፋፍለዋል እንጂ።

ማርሽ መቀነስን እንደ ስንፍና የቈጠርነው እኛ ብቻ አይደለንም። ቱር ዴ ፍራንስ የተባለውን የፈረንሳይ ውድድር የመሠረተው ሄንሪ ዴግራንዥ እንኳ ማርሽ መለወጥን ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች የሚተው ነገር አድርጎ ይመለከተው ነበር። ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ ከተራራው ግርጌ ወርደው የኋላውን ጎማ እየፈቱ፥ በሌላ ወገኑ ባለው ጥርስ ይገለብጡት ነበር። የማርሽ መለወጫው በውድድሩ የተፈቀደው በእኛ አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. ነው። አገራችን መጀመሪያ ወደ ኦሊምፒክ በሄደችበት በ1949 ዓ.ም. ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በሜልቦርን በቢስክሌት ተወዳደሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ዴ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዛሬው ዘመን በዚያ ተራራ ላይ ማርሹን ሳይቀንስ የሚወጣ ብርቱ አይገኝም።

እንግዲህ በደጋ አገር ለሚኖር ወላጅ የምንመክረው ይህ ነው። ቢስክሌት ሲገዙ ከቀለሙ በፊት ጥርሱን ይቍጠሩ። ከፊት ያለው ትንሹ ጥርስ፥ ከኋላ ካለው ትልቁ ጋር እኩል ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆን መልካም ነው። ልጁ ዕቃ የሚጭን እንደ ሆነ የኋላውን በ34 ጥርስ መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ማርሽ መለወጫው ይህን ያህል ትልቅ ጥርስ የሚችል መሆኑን፥ ሰንሰለቱም መድረሱን አስቀድሞ ጠጋኙ ይመርምር።

ነጂውም ማርሹን የሚቀንሰው ዳገቱ ላይ ከተጨነቀ በኋላ ሳይሆን ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ይሁን። ሲለውጥ ረገጣውን ያላላ፥ ፔዳሉን ግን ማዞሩን አይተው፤ በጭንቅ የተለወጠ ሰንሰለት ይዘላል ወይም ይበጠሳል። ከፊት ትልቁን ከኋላም ትልቁን አጋጥሞ መንዳት ሰንሰለቱን ያጣምመዋል። የወጣም መውረዱ አይቀርምና፥ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ወይም ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ፍሬን ከማርሽ ይልቅ ያስፈልገዋል፤ ሳይፈትሹ ቁልቁለት መግባት በሕይወት መጫወት ነው።

የልጃችን ጕልበት በዕረፍት ዳነ። የፊተኛውን ቢስክሌት ሸጠን፥ በዋጋው ላይ ጨምረን ባለ ማርሹን ገዛንለት። ሁለተኛ መድኃኒት ይዞ በሄደ ጊዜ ከቀትር በፊት ከአያቱ ቤት ደረሰ። እናታችን በስልክ፥ «ዛሬስ እንደ በቅሎዬ ሆኖ መጣ» ብለው ሲስቁ ሰማናቸው። በዚያው ማታ ልጁ ሲመለስ፥ ቀድሞ ያለ ክርክር የሰጠነውን ፍርድ በእናቱ ፊት ሻርነው፤ እርሱም ይግባኝ አላለብንም።