ብርቱካናማዋ ቢራቢሮ ተምች አትወልድም

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳርና በየክፍት ቦታው ብርቱካናማ ቢራቢሮ ይበዛል። ‹‹እሷ በበዛችበት ዓመት ተምች ይከተላል፤ ሳትፈለፍል መድኃኒት መርጨት ነው›› የሚል ወሬም አብሮ ይነሣል። ወሬው ከሥር እስከ ጫፉ ስሕተት ነው። መርዝ እስከ ማስረጨት የሚያደርስ ስሕተት ደግሞ በዝምታ አይታለፍም።

በ2009 ዓ.ም አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች እናቱ ሌሊት የምትበር፣ ግራጫማ ቡናማ የእሳት ራት ናት። ትሉ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት አለው፤ በጅራቱ በኩል ደግሞ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች በካሬ ቅርጽ ተደርድረዋል። በቀን የምትበረው የቢራቢሯችን እጭ ግን ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት የለበሰ ነው። ጀርባው ላይ ሦስት ጥንድ ጥቁር፣ ቀንድ መሰል ዘንጎች ቆመዋል። እንደ አባጨጓሬ የሚያሳክክ ጸጉር የለውም፤ በቆሎም ሆነ ጤፍ አይበላም።

ይህች ቢራቢሮ ተመራማሪው ሊንየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ክሪሲፐስ የሚለውን ስም የሰጣት፣ ዛሬ ዳናውስ ክሪሲፐስ የምትባለው የአፍሪካ ሞናርክ ናት። የቅዝቃዜውን ወቅት ለማሳለፍ ከሰሜን አሜሪካ እስከ ሜክሲኮ ተራሮች በመጓዝ የታወቀው ሞናርክ የቅርብ ዘመዷ ነው። እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ከዚያ ክንፍ፤ ሁሉም እንደ አየሩ ሙቀት በአንድ ወር ገደማ ያልቃል። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ያልተማርነው እጩ የሚበላውን ነው።

እናትየዋ እንቁላሏን የምትጥለው ቅጠላቸው ሲቀነጠስ ነጭ ወተት በሚያወጡ ዕፅዋት ላይ ነው። በአዋሽና በአፋር ቆላ ጦቢያው አለ፤ በደጋውና በወይና ደጋው መንገድ ዳር ደግሞ ፍሬው እንደ ፊኛ የተነፋ፣ ቅጠሉ ቀጭን የሆነ ዘመዱ ይበቅላል። ወተቱ በአየር ሲነካ ስለሚረጋ የትንሽ ነፍሳትን አፍ ያጣብቃል። እጩ ታዲያ ዝም ብሎ አይጎርስም። መጀመሪያ የቅጠሉን ዋና ጅማት ነክሶ ይቆርጣል። ወተቱ በቁስሉ በኩል ይፈስሳል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ያኔ ከቁስሉ ወዲያ ያለውንና ወተቱ የቀነሰውን ክፍል ይበላል።

ከወተቱ የከፋው ግን በቅጠሉ ውስጥ ያለው መርዝ ነው፤ ልብን የሚያጠቃ ካርዴኖላይድ ይባላል። ሐኪሞች ለልብ ሕሙማን በጥንቃቄ የሚያዙት ዲጎክሲንም የዚሁ ወገን ነው። በእንስሳት ሕዋስ ሽፋን ላይ ሶዲየምን የሚያስወጣ፣ ፖታሲየምን የሚያስገባ ፓምፕ አለ። ሥራው የታክሲ ረዳት ሥራ ነው፤ በአንድ ዙር ሦስት ሶዲየም ያወርዳል፣ ሁለት ፖታሲየም ያሳፍራል፣ በሩን ይዘጋል። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው፣ ልብም ምቱን የሚጠብቀው ይህ ሥራ ሳይቋረጥ ሲሄድ ነው። ካርዴኖላይድ በሩ ላይ እግሩን ደንቅሮ እንደሚቆም ሰው ነው፤ የሚወርድም የሚሳፈርም አይኖርም። መጠኑ ከበዛ የልብ ምት ይዛባል፤ ሞትም ይከተላል።

የሞናርክ መፍትሔ በራሱ በበሩ ላይ የተደረገ ለውጥ ነው። ፓምፑ ከረጅም የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት የተሠራ ነው። በአሜሪካው ሞናርክ መርዙ የሚጣበቅበት አካባቢ ሦስት አሚኖ አሲዶች ተለውጠዋል፤ ዋነኛው በ122ኛው ቦታ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ መርዙ አጥብቆ መያዝ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳየ፤ ተመራማሪዎች ሦስቱን ለውጦች ወደ ተራ የፍራፍሬ ዝንብ ዘረመል ሲያስገቡ ዝንቡም መርዙን ተቋቋመ።

ከመቋቋም አልፎ ማከማቸትም አለ። እጩ የበላው መርዝ በሙሽሬው በኩል አልፎ ወደ ቢራቢሮዋ አካል ይደርሳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሊንከን ብራወር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች ሞናርክ የበላች ወፍ ስታስመልስ፣ ከዚያም ያንን ቀለም ስታይ ስትሸሽ ታይቷል። ብርቱካናማው ቀለም ማስጠንቀቂያ ነው።

ለእኛዋ ግን ይህ ሁሉ እንዳለ አይገለበጥም። የመርዙ መጠን እጩ በበላው ተክል ይወሰናል፤ እምብዛም ካርዴኖላይድ የሌለው ተክል በልተው ያደጉ የአፍሪካ ሞናርኮች መርዝ የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል። የፓምፑ የመቋቋም ደረጃም በሞናርክ ቤተሰብ ውስጥ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። መከላከያዋም አንድ ብቻ አይደለም፤ ወንዱ ከሌሎች ዕፅዋት የሚቀስመው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መራራ ንጥረ ነገር ለመከላከያም ሴቷን ለሚማርክበት ሽታም ያገለግለዋል። ስለዚህ ‹‹እያንዳንዷ ብርቱካናማ ቢራቢሮ መርዘኛ ናት›› የሚልም ተሳስቷል።

እንዲያውም አንዳንዷ ሌላ ዝርያ ናት። የሃይፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴት ያ መርዝ ሳይኖራት የአፍሪካ ሞናርክን መልክ ለብሳ ከወፍ ታመልጣለች። የኋላ ክንፉን ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ የሞናርኳ መካከሉ ላይ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ አለው፣ የአስመሳይዋ የላይኛው ጠርዝ ላይ አንድ ብቻ።

ቢራቢሮዋ ሰው አትነድፍም፤ ሰብልም አትጎዳም። በአደይ አበባ ወቅት የሚረጭ ፀረ ተባይ ግን ንቦችንም ይፈጃል፤ የሚፈጃቸውም ዋናው የማር ቆረጣ ሲቃረብ ነው። በቆሎ ላይ ትል ካያችሁ ግንባሩን ተመልከቱና የግብርና ባለሙያ ጥሩ። ወተታም ቁጥቋጦ ላይ ባለ ቀለበት እጭ ካያችሁ ደግሞ ተዉት። ልጆችንም የቁጥቋጦው ወተት ዓይናቸው እንዳይገባ አስጠንቅቁ፤ መጠንቀቅ የሚገባው ከተክሉ እንጂ ከቢራቢሮዋ አይደለም።