ካሜራ ፊት አፉ የተያዘ ልጅ፦ ተረቱና እውነታው

በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ፣ የዘፈን ወይም የግጥም ውድድር ላይ አንድ ልጅ ድንገት ዝም ሲል ወይም ሲያለቅስ «አላጠናም»፣ «ችሎታው የለውም» ይባላል። ስለ ልጆችና ስለ ውድድር ከሚነገሩት እምነቶች ሁሉ ጉዳቱ የከፋው ይህ ነው። ከመድረክ የወረደ ሕፃን «አሳፈርከን» የሚባለው በዚሁ ሰበብ ነው።

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳሳየው፣ ሰው በሚገባ የተካነውን ነገር ተመልካች ፊት አሻሽሎ ይሠራል፤ ገና ያልለመደውን ግን ይበልጥ ያበላሻል። የሚሳሳት ሁሉ አልተለማመደም ማለት ግን አይደለም። ጭንቀት ራሱ ለማስታወስና ለማሰብ የሚያስፈልገውን ትኩረት ይሻማል። በጀርመን ትሪር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት፣ ልጆች በማያውቋቸው አዋቂዎች ፊት የተጀመረ ተረት እንዲጨርሱና ሒሳብ በቃላቸው እንዲቀንሱ ተደርጎ፣ ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን በምራቃቸው ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እዚያ አገር ሙሉ የሚያይ ተመልካች አልነበረም።

በዚያ ላይ በ2009 (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ የተሰጥኦ ውድድር የደረሰው አለ። አንዲት የ10 ዓመት ሕፃን በቀጥታ ስርጭት መካከል ዘፈኗን አቋርጣ አለቀሰች። በዚያው ምሽት ሌላ ዕድል ሲሰጣት ዘፈነችና ለፍጻሜ አለፈች። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ችሎታዋ ጠፍቶ ተመልሷል የሚል አይኖርም።

ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጊንጪ ተነሥቶ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ለሚገባ ልጅ ሸክሙ ይደራረባል። አምቦ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ፣ ለጠዋት ቀረጻ ልጁ የሚቀሰቀሰው ሳይነጋ ነው። ከዚህ የሚብሰው የቋንቋው ጉዳይ ነው። እነዚህ ከተሞች ባሉበት በምዕራብ ሸዋ ብዙ ልጆች ቤት የሚያወሩትም ትምህርት ቤት የሚማሩትም በአፋን ኦሮሞ ነው። ጥያቄው በአማርኛ ሲመጣ፣ በአንዱ ቋንቋ ያገኙትን መልስ በሌላው ለማውጣት ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋሉ፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። ይህን መዘግየት «የገጠር ልጅ ዓይን አፋርነት» ብሎ ማለፍ የፈራጁ ስንፍና ነው።

«ልጅ በጫና ይጠነክራል» የሚሉም አሉ። ምሳሌ ከአምቦ አይጠፋቸውም፤ በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና በ13 ዓመቱ የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ለመድረክ በቅቷል። ይሁንና ያ ራሱ የፈጠረው ሥራ ነበር፤ በዳኛ ነጥብ ተባርሮ የሚያለቅስበት ውድድር አልነበረም። ደግሞም የሚታወሱት የተሳካላቸው ናቸው። መለማመድ በእርግጥ ይረዳል፤ መጀመሪያ በክፍል፣ ቀጥሎ በሰልፍ ላይ፣ ከዚያ በወላጆች ቀን እያለ ደረጃ በደረጃ ሲሆን። በአንድ ቀን መብራትና ካሜራ ፊት መጣል ግን አንዱን ቢያደፋፍረው ሌላውን ከመድረክ ያስሸሻል፤ የትኛው የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

የቀሩት እምነቶች ብዙ ቦታ አይፈልጉም። «ብልህ ነህ» የሚለው ሙገሳ ሁልጊዜ አያበረታም፤ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በብልህነታቸው የተሞገሱ ተማሪዎች ሲወድቁ ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል፣ ውጤታቸውንም ከሌሎቹ ይበልጥ አጋንነው ዋሽተዋል። ሽልማት ፍቅርን አይጨምርም፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በተደረገ ሙከራ ሥዕል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት ተስፋ ተሰጥቷቸው ከሣሉ በኋላ፣ ካልተነገራቸው ልጆች ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ይሥሉ ጀመር። ልጅ ያለ ውድድር በቴሌቪዥን አይደምቅም የሚለውን ደግሞ ተስፋዬ ሣህሉ፣ አባባ ተስፋዬ፣ ለ42 ዓመታት ልጆችን ሰብስበው ተረት ሲያወሩ ውድቅ አድርገውታል። «ይረሳዋል» ማለትም ዛሬ አይሠራም፤ ያለቀሰበት ቪዲዮ ከክፍል ጓደኞቹ ስልክ አይጠፋም።

«ወላጅ ፈቅዷል» የሚለውን አዘጋጆች ይወዱታል። የብሪታንያ የስርጭት ደንብ ግን ልጁም ሆነ ወላጁ ቢስማማም፣ ከ18 ዓመት በታች ላለው ተሳታፊ አካላዊና ስሜታዊ ደኅንነት ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስገድዳል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ይላል።