ለብቻዋ ልጅ ለማሳደግ የምትሰናዳ እናት

ባል ያላገባች ሴት በጉዲፈቻ ልጅ ላሳድግ ብላ ብትነሣ፥ ጎረቤት «ያለ አባት እንዴት ይሆናል?» ማለቱ አይቀርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን 25 ዓመት ከሞላት አይከለክላትም፤ ውሉን የሚያጸናው ፍርድ ቤት ነው። እኛ የምንጠይቃት ሌላ ነው። እኅታችን ሆይ፥ ብትታመሚ በሌሊት ማን ይደርስልሻል? አክስት ወይም እኅት አስቀድማ እሺ ትበል፤ «ያን ጊዜ እናያለን» መልስ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምስጢሩ ነው። ሕጉ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና አያቋርጥም፤ አንዳንዶች ግን «ከሆዴ የወጣ ነው» እያሉ ይሸሽጉታል፤ ሕፃኑም እውነቱን አንድ ቀን በጠብ መካከል ከጎረቤት ልጅ አፍ ይሰማል። ስለዚህ አሳዳጊዪቱ ልጁን ሳታቅፍ ቃሉን ታሰናዳ፤ የወላጆቹን ስምና የተወለደበትን ስፍራ የምታውቀውን ያህል ጽፋ ታኑር፤ ነገሩንም ገና በሦስትና በአራት ዓመቱ ከእርስዋ አፍ ይስማው።