«አታስበው» የሚለው ምክር ለምን አይሠራም? ስለ አስጨናቂ ሐሳብና ስለ ድግግሞሽ የሚባለውና እውነታው

«አታስበው፣ ተወው» ማለት ይቀለናል። የምንለውም አዝነን ነው። ኦሲዲ ለያዘው ሰው ግን ከዚህ የባሰ ምክር መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ እሱ ከማለዳ እስከ ሌሊት የሚታገለው ላለማሰብ ነውና። ሕመሙን የሚያከብደውም ይኸው ትግል ነው።

ኦሲዲ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮች ተጣምረው የሚመጡበት ሕመም ነው። አንደኛው ሳይጠሩት የሚመጣ አስጨናቂ ሐሳብ ነው፦ እጄ ተበክሏል፣ ቡታጋዙን አልዘጋሁም፣ ሰው ገጭቼ አልፌ ይሆን፣ ጸሎቴን አበላሽቻለሁ። ሁለተኛው ያን ጭንቀት ለማብረድ የሚደረግ ድግግሞሽ ነው፦ መታጠብ፣ መፈተሽ፣ መቁጠር፣ ሌላውን ደጋግሞ መጠየቅ፣ ወይም ማንም ሳያይ በልብ አንድን ቃል መመላለስ። ዕቃውን በሥርዓት የሚደረድር ሰው ሁሉ «ኦሲዲ አለበት» መባሉ ስህተት ነው። ንጹሕ ቤት የሚያስደስተው ሰው አልታመመም። ሐኪሞች ሕመም የሚሉት ድግግሞሹና ሐሳቡ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲወስዱ፣ ወይም ሥራን፣ ትምህርትንና ትዳርን ሲያናጉ ነው።

«እንዲህ ያሰብኩት ክፉ ሰው ብሆን ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ እምነት ነው። አራስ እናት ሕፃኗን ስታጥብ «ውኃው ውስጥ ብደፍቀውስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልባታል። ለባሏ አትነግር፣ ለእናቷ አትነግር፤ ልጁን ማጠብ ትታ ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ቅዳሴ ላይ የቆመ ሰው በልቡ ስድብ ያልፍበታል፤ ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይፈራል።

ስታንሊ ራክማንና ፓድማል ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ጠይቀው አብዛኞቹ ተመሳሳይ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቆ፣ 94 በመቶዎቹ ባለፉት 3 ወራት ቢያንስ አንድ ያልፈለጉት ሐሳብ በድንገት እንደመጣባቸው አሳይቷል። እንግዲህ ክፉ ሐሳብ የሁሉም ሰው ነው። ብዙዎቹ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብለው ያልፉታል፤ ኦሲዲ ያለበት ሰው ግን በራሱ ላይ እንደቀረበ ማስረጃ ይቆጥረዋል። ሐሳቡ የሚመጣው ሰውዬው አብልጦ በሚወደው ነገር ነው፤ በእናት ላይ በልጇ፣ በአማኝ ላይ በእምነቱ። ያን ያህል የሚያስደነግጠውም ስለማይፈልገው ነው።

ሃይማኖቶቻችን የሐሳብን መምጣትና ሐሳቡን ወድዶ መቀበልን ለይተው ያስተምራሉ። «ውዱኤ ፈርሶ ይሆን?» እያለ ደጋግሞ ለሚታጠብ ሙስሊም፣ ውዱእ በጥርጣሬ ብቻ እንደማይፈርስ ይነገረዋል። ያንኑ ኃጢአት በየሳምንቱ ይዞ ለሚመጣ ምእመንም «አንዴ ሰምቻለሁ፤ ደግመህ አትናዘዘው» የሚሉ ነፍስ አባት ትልቅ ውለታ ይውሉለታል።

«አጥብቀው ካባረሩት ይሄዳል»

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ፣ ተማሪዎች ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡ ግን ደወል እንዲደውሉ አዘዘ። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። በኋላ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ተማሪዎች ይበልጥ ስለ ድቡ አሰቡ። አእምሮ አንድን ሐሳብ ለመከልከል ሐሳቡ መጥቶ እንደሆነ መጠበቅ አለበት፤ ሲጠብቀውም ያመጣዋል። እጅ ላይ ላስቲክ አስሮ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ጎትቶ መልቀቅ እንደ ዘዴ ሲመከር ቆይቷል። ባለሙያዎች አሁን ለዚህ ሕመም አይመክሩትም።

የሚረዳው ሐሳቡን አንድ ጊዜ በስሙ ጠርቶ፣ «ይህ የኦሲዲ ሐሳብ ነው» ብሎ፣ ሳይከራከሩትና ሳይመረምሩት ባለበት ትቶ የያዙትን ሥራ መቀጠል ነው። ጎመን እየከተፉ ከሆነ መክተፉን ይቀጥሉ። ሐሳቡ «እርግጠኛ ነህ?» ሲል መልሱ «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል» ነው። ይህን ማለት እጅግ ይከብዳል፤ የሚያስፈልገው ግን በትክክል ይኸው ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጄፍሪ ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መጽሐፉ፣ የመታጠብ ወይም የመፈተሽ ግፊት ሲመጣ 15 ደቂቃ አዘግይቶ ሌላ ነገር መሥራትን ይመክራል። 15 ካልተቻለ በ5 ይጀመራል።

«አንድ ጊዜ ብቻ ላረጋግጥ፤ ከዚያ ይወጣልኛል»

የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎቹ ማርሰል ቫን ደን ሃውትና መረል ኪንት ጤነኛ ተማሪዎችን በኮምፒውተር ላይ የተሣለ የጋዝ ምድጃ ደጋግመው እንዲፈትሹ አደረጉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አምፖል እንዲፈትሹ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ውጤት አስገራሚ ነው። ምድጃውን ደጋግመው የፈተሹት፣ በመጨረሻው ዙር የዘጉት የትኛውን የምድጃ ቁልፍ እንደሆነ ከሌሎቹ ባልተናነሰ በትክክል አስታወሱ። ነገር ግን ትዝታው ደበዘዘባቸው፤ በራሳቸው ትዝታ ላይ የነበራቸው እምነትም ወረደ። አንድም ሕመም ያልነበረባቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ያ ከደጅ ተመልሶ ሦስተኛ ጊዜ ቡታጋዙን የሚያይ ሰው የመርሳት ችግር የለበትም፤ ራሱን እንዳያምን ያደረገው መፈተሹ ነው። የቡታጋዙን ፎቶ በስልክ አንስቶ መንገድ ላይ እያወጡ ማየትም ያው ፍተሻ ነው።

መውጫው ቀድሞም ታይቷል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቪክቶር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው፣ ለንደን በነበረው ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሁለት ሕሙማን የሚፈሩትን ነገር እንዲጋፈጡ፣ ከዚያም የለመዱትን ድግግሞሽ እንዳይፈጽሙ አደረገ፤ ሁለቱም ተሻላቸው። ዛሬ ለኦሲዲ በቅድሚያ የሚመከረው የንግግር ሕክምና ከዚህ የተነሣ ነው።

ቤት ውስጥ ሲሞከር፣ የሚያስጨንቁ ነገሮችን ከ0 እስከ 100 በሚያስጨንቁት መጠን ደርድሮ መጻፍ ይቀድማል። 90 ላይ ካለው መጀመር ሰውን ያስመርራል፤ ከ30 ወይም ከ40 ይጀመር። በሩን አምስት ጊዜ የሚፈትሽ ሰው አንዴ ቆልፎ፣ እጀታውን አንዴ ነክቶ፣ ዞር ሳይል ይሂድ። ጭንቀቱ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ማንም ሳያበርደው ይወርዳል። በዚያ ቀን ባይወርድ እንኳ ሰውዬው ጭንቀቱን ተሸክሞ መዋል እንደሚችል ተምሯል። በማግስቱም ያንኑ ይድገመው። ፍተሻውን ትቶ በልቡ «ቆልፌያለሁ፣ ቆልፌያለሁ» ማለት ከጀመረ ግን ድግግሞሹ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቆመም።

«ማጽናናት ምን ይጎዳል?»

«እማዬ፣ በሩን ቆልፌዋለሁ አይደል?» «አዎ የኔ ልጅ፣ ቆልፈሻል።» ልጅቷ ለአፍታ ታርፋለች፤ ከዚያ ትመለሳለች። መልሱ የእናትየው ይሁን እንጂ ሥራው ከፍተሻ አይለይም። መፍትሔው መቆጣት ወይም በድንገት መዝጋት አይደለም። ከልጅቷ ጋር ቀድሞ መስማማትና መልሱን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው፦ «ጭንቀቱ እንደመጣብሽ አያለሁ። ዛሬ አልመልስልሽም፤ ግን አብሬሽ እቀመጣለሁ።»

«ወይ ጠበል ወይ ሐኪም»

አንዱን መምረጥ አያስፈልግም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም፤ አደጋው ያለው በማቋረጡ ነው። ለዚህ ሕመም የሚሰጡት እንደ ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ውጤታቸው ለመታየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ቸኩሎ መፍረድ ነው።

በራስ መሞከር የሚበጀው ሕመሙ ቀላል ወይም መካከለኛ ሲሆን ነው። ከቤት መውጣት፣ መብላት ወይም መተኛት ያቃተው፣ ወይም ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለው ሰው በአቅራቢያው ወዳለ የአእምሮ ሕክምና መስጫ ይሂድ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። አራስ እናት ደግሞ የሚያዛት ድምፅ ከሰማች፣ ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ማስደንገጡ ቀርቶ ትክክል መስሎ ከታያት፣ ያ ኦሲዲ አይደለም፤ ለብቻዋ ሳትተው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት።