ማሕፀንን የሚያፈርሱና የሚያድሱ ኢንዛይሞች

ከእርግዝና በፊት ከ60 እስከ 70 ግራም ያህል የሚመዝነው ማሕፀን፣ በእርግዝና ማብቂያ ላይ ፅንሱና የእንግዴ ልጁ ሳይቆጠሩ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል፤ ከወሊድ በኋላም በስድስት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ ቀድሞው መጠኑ ይቃረባል። የውስጠኛው ሽፋኑ ደግሞ በየወሩ ፈርሶ በጥቂት ቀናት ጠባሳ ሳይተው ይጠግጋል። በጤነኛ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ እንዲህ ያለ መፍረስና መታደስ የሚታይበት ሌላ አካል እምብዛም የለም።

በዚህ ሥራ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስዱት ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ናቸው። ከእነዚህ የመጀመሪያው፣ ማለትም ኮላጅንን የሚቆራርጠው ኮላጅኔዝ፣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 ጀሮም ግሮስና ሻርል ላፒዬር የእንቁራሪት እጭ ጭራ እንዴት እንደሚከስም ሲመረምሩ ነው። በሰው ዘንድ 23 ያህል ዓይነቶች ተለይተዋል። ሁሉም የሚሠሩት በዚንክ አማካይነት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከሕዋስ የሚወጡት ገና ሥራ ለመጀመር ባልበቁበት መልክ ነው። ሥራ ከጀመሩ በኋላም ቲምፕ የሚባሉ አራት ፕሮቲኖች እንደ ልጓም ይይዟቸዋል። በማሕፀን ውስጥ ጤናንና ሕመምን የሚለየው በአብዛኛው የዚህ ልጓም መጥበቅና መላላት ነው።

ልጓሙን አጥብቆ የሚይዘው ዋነኛ ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ነው። እርግዝና ሳይፈጠር ቀርቶ ኮርፐስ ሉቲየም ሲከስም የሆርሞኑ መጠን ያሽቆለቁላል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ሽፋኑ ይጎርፋሉ፤ ኢንዛይሞቹም በዝተው የላይኛውን ንጣፍ ከነደም ሥሮቹ ያፈርሳሉ። የታችኛው ንጣፍ ስለሚተርፍ እድሳቱ ከዚያው ይነሣል።

እዚህ ላይ በየጤና ጣቢያው የሚያጋጥም አንድ ጥያቄ አለ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ ፕሮጄስቲን ሳያቋርጥ እየለቀቀ፣ ብዙ ሴቶች ወቅቱን ያልጠበቀ ደም የሚያዩት ስለምንድን ነው? ሽፋኑ ለረጅም ጊዜ በፕሮጄስቲን ብቻ ሲያዝ ደቃቃ የደም ሥሮቹ ይሳሳሉ፤ ኢንዛይሞቹም እዚህም እዚያም በየቦታው ይነቃሉ። ኢንዛይሞቹን የሚገታው ዶክሲሳይክሊን በመጀመሪያ ተስፋ ሰጥቶ የነበረ ቢሆንም፣ ሰፋ ባለ ጥናት ለብቻው ሲሰጥ ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ስለሆነም ዘዴው ከመሰጠቱ በፊት ደም ሊዛባ እንደሚችል ለተጠቃሚዋ በግልጽ መንገር ከማናቸውም ክኒን ይበልጣል።

በእርግዝና ጊዜ እነዚሁ ኢንዛይሞች ለእንግዴ ልጁ ሕዋሳት መንገድ ይጠርጋሉ። ሕዋሳቱ እስከ ማሕፀን ጡንቻ ውስጠኛ ሲሶ ድረስ ዘልቀው ጠመዝማዛ የደም ሥሮችን ያሰፋሉ። ይህ ለውጥ በሚገባ ሳይከናወን ሲቀር ፕሪኤክላምፕሲያና የፅንስ መቀጨጭ ይከተላሉ። በአንጻሩ በቀድሞ ቀዶ ጥገና ጠባሳ ላይ ድንበር የሚያበጀው ሽፋን ስለሚጎድል፣ የእንግዴ ልጁ ከጡንቻው ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ጥፋቱ ከሕዋሳቱ ይልቅ የጠባሳው ነው የሚለው አስተያየት በቅርብ ዓመታት እየጎላ መጥቷል፤ ለአዋላጁም ቢሆን ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ አስተሳሰብ ሳይሆን አይቀርም። በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የእንግዴ ልጁ የማሕፀን በርን የሸፈነባቸው እናቶች የመጣበቅ አደጋ በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና 3 በመቶ፣ በሁለተኛው 11 በመቶ፣ በሦስተኛው 40 በመቶ ነበር። እንዲህ ያለች እናት ምጥ ሳይጀምራት ደምና የቀዶ ጥገና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ይኖርባታል። የተጣበቀን የእንግዴ ልጅ በእጅ ጎትቶ ለማውጣት መሞከር ሕይወት የሚያሳጣ መድማት ያስከትላል።

በምጥ መቃረቢያም የማሕፀን በር ኮላጅን ይላላል፤ የሽርት ውሃ ከረጢቱም ይሳሳል። ኢንፌክሽን ሲኖር ግን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ኢንዛይሞች ይህንኑ ያለጊዜው ያደርሱታል። የሽርት ውሃ ያለጊዜው በፈሰሰና ምጥ ባልጀመረ ጊዜ በጣት የሚደረግ የማሕፀን በር ምርመራ ጀርም ወደ ላይ ሊያዘልቅ ስለሚችል፣ ካላስገደደ በስተቀር መተው ይገባዋል፤ ንጹሕ በሆነ መክፈቻ መሣሪያ ማየት ይበቃል።