ቁልቋሉ ገና፣ ሞርፊኑ የት?

በናይሮቢ ፓርክላንድስ፣ በአጋ ካን ሆስፒታል አካባቢ፣ ለካንሰር ሕክምና ከአገር ቤት የመጣ ሐበሻ አይጠፋም። ከእነዚህ አንዷ የሆኑትን እናት ያገኘኋቸው በአንድ የእንግዳ ማረፊያ በረንዳ ላይ ነው፤ ልጃቸው ከጀርባቸው ትራስ ታደላድላለች። የጡት ካንሰሩ አከርካሪያቸው ገብቷል። «ቀኑስ ይሁን፣ በሰው ይረሳል» አሉኝ። «ሌሊቱ ነው የማይነጋው። አጥንቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚቆረጥመኝ ያለ ይመስለኛል። ልጄ እንዳትሰማኝ አንሶላውን እነክሳለሁ። ሞትንስ ለምጄዋለሁ፤ ይኼን ግን ማን ይለምዳል?»

ካንሰር አጥንት ሲገባ አጥንት የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ያነቃል። እነሱ የሚረጩት አሲድ ነርቮችን ይለበልባል። አሲዱን ከሚያውቁት የነርቭ ተቀባዮች አንዱ የሚጥሚጣን ማቃጠል የሚያውቀው ራሱ ነው፤ ዴቪድ ጁልየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ለይቶት በ2021 ኖቤል ተሸልሞበታል። በሞሮኮ የሚበቅል የእኛ ቁልቋል ዘመድ ደግሞ በነጭ ወተቱ ውስጥ ሬዚኒፈራቶክሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ በማቃጠል በሚጥሚጣ ውስጥ ካለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ሲሰጥ ሕመም አመላላሽ ነርቮችን ለይቶ ከሥራ ውጭ ያደርጋል። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የአጥንት ካንሰር በያዛቸው ውሾች፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ደግሞ ሌላ ማስታገሻ ባልያዘላቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጥቷል። ፋርማሲ ግን አልደረሰም።

የደረሰው ሌላው ተክል ነው። ጀርመናዊው ሴርቱርነር ሞርፊንን ከኦፒየም ተክል ያወጣው የሃያ ዓመት ገደማ የፋርማሲ ረዳት ሳለ፣ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ግድም ነበር። ዱቄቱ በውሃ ይበጠበጣል፣ በጠርሙስ ይሞላል፣ በየአራት ሰዓቱ ይዋጣል። ውድ አይደለም። ሆኖም የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳወጣው፣ በዓለም በየዓመቱ ይከፋፈል ከነበረው 298.5 ቶን ሞርፊን መሰል ማስታገሻ ድሆቹ አገሮች ይደርሳቸው የነበረው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ሱስን መፍራት፣ የፈቃድ ውጣ ውረድ፣ ለማዘዝ የሚያመነታ ሐኪም፤ ሁሉም በሕመምተኛው ላይ ያርፋል።

አዲስ አበባ ደውዬ ስለ ሞርፊን አቅርቦት የጠየቅኳቸው ኃላፊ «በደብዳቤ አቅርብ» አሉኝ። አቀረብኩ፤ መልስ አልመጣም።

አገሩ ሰው አጥቶ አይደለም። ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ሕመምተኛን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይረዳል። ኡጋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደች፤ ሐኪም በሌለበት ገጠር ሳይቀር መድኃኒቱ የሚገኘው በዚህ ነው። ይህን ለመፍቀድ የቁልቋሉን ምርምር መጠበቅ አያስፈልግም።